ጭራቁን ያለበሱ ሴቶች

ተረት ላውጋችሁ?
አውጊን!
ብትፈሩ ትሸሻላችሁ?
አንሸሽም!
እንግዲያው ጠጋ በሉ።

ድሮ ድሮ፣ ተራሮች ገና ስም ሳይወጣላቸው፣ ውርጭ አምባ የሚባል ብርዳም መንደር ነበረ። በዚያ መንደር ከበግ ጠጉር ሹራብ መሥራት የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ የትርንጎ እናት፣ እትዬ ብርቄ። ሁለት ለስላሳ እንጨቶች ይዛ ክሩን ከክሩ እያቆላለፈች ቆብም ሹራብም ትሠራለች። የምትሠራው ግን በሯን ዘግታ ነው። ለልጇ ለትርንጎ እንኳ አታሳይም።

አንድ ቀን ጎረቤቷ ፋናዬ ደጇ መጥታ፣ "እትዬ ብርቄ፣ ልጄን ብርድ ሊገድልብኝ ነው። እባክሽ አንዴ አሳዪኝና ራሴ ልሥራለት" ብላ ለመነቻት።

"ዛሬ አይመቸኝም" አለች ብርቄ ከውስጥ ሆና። በማግስቱም አልተመቻትም። በሠልስቱም አልተመቻትም።

ከዚያ ብርቄ ወንዝ ወርዳ የበግ ጠጉር ስታጥብ፣ መሬቱ ድም! ድም! ድም! አለ። ጭራቅ መጣ! ቁመቱ ዋርካ የሚያህል፣ ጥርሱ ማረሻ የሚያህል፣ ጥፍሩ ማጭድ የሚያህል። ግን ብርድ ያንዘፈዝፈዋል። ብርቄን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ወደ ተራራው ወጣ።

ትርንጎ ከሩቅ አየች። አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና ዱካውን ተከትላ ሽቅብ ወጣች። የጭራቁ ዋሻ ገደል አፋፍ ላይ ነበር። ውስጡም ከየመንደሩ የዘረፈው የሱፍ ፈትል እንደ ጭድ ተከምሯል።

"እሰይ!" አለ ጭራቁ ሲያያት። "ቁርሴ በእግሯ መጣች!"

"አያ ጭራቅ፣ እናቴን መልስልኝ።"

"በርዶኛል፣ አልብሱኝ! ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልደረሰ፣ ሥጋችሁን በልቼ እሞቃለሁ! ዛሬ ቆብ!"

ብርቄ ከመቀነቷ የማይለዩትን እንጨቶቿን አውጥታ ብቻዋን ሠራች። ትርንጎ "ልርዳሽ እማዬ" ብትላት፣ "ተዪው፣ አትችይውም" አለቻት። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጎተራ የሚያህል ቆብ አለቀ። ጭራቁ ራሱ ላይ ደፋው። ራሱን ሞቀው፣ እግሩን በረደው።

"በርዶኛል፣ አልብሱኝ! ነገ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልደረሰ፣ ሥጋችሁን በልቼ እሞቃለሁ! ነገ ካልሲ!"

በማግስቱ ብርቄ አንዱን ካልሲ ሳታጋምስ እኩለ ቀን ሆነ። ጣቶቿ ደነዘዙ።

"እማዬ፣ አሳዪኝ" አለች ትርንጎ።

ብርቄ ፀሐይዋን አየች። ልጇን አየች። ከዚያ ከፊቷ አስቀምጣት፣ ሌላ ሁለት እንጨት አስይዛት፣ እጇን በእጇ ይዛ፣ "ክሩን አዙሪ፣ በቀለበቱ አውጪ፣ ሳብ አድርጊ" አለቻት።

"ላዙር፣ ላውጣ፣ ልሳብ" አለች ትርንጎ። "ላዙር፣ ላውጣ፣ ልሳብ።"

እናት የቀኙን፣ ልጅ የግራውን ጨረሱ። ጭራቁ ካልሲውን ሲያጠልቅ ትርንጎ ቀስ ብላ ጠየቀች፦

"ለምን እስከ ዛሬ ከለከልሽኝ?"

"ፈርቼ ነው ልጄ። ሁሉም ከቻለው እኔን ማን ይፈልገኛል ብዬ።"

ጭራቁ እግሩን ሞቀው፣ ገላውን በረደው።

"በርዶኛል፣ አልብሱኝ! ነገ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልደረሰ፣ ሥጋችሁን በልቼ እሞቃለሁ! ነገ ከአንገቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ!"

ይህ ደግሞ ለሁለት ሰው የሚሞከር አልነበረም። "አያ ጭራቅ፣ አጋዥ ላምጣ" አለች ትርንጎ።

ጭራቁ ሲስቅ ዋሻው ተነቃነቀ። "አምጪ! ሰው ሲበዛ እራቴ ይበዛል። ከቀረሽ ግን እናትሽን!"

ጎህ ሲቀድ ትርንጎ መንደር ደርሳ ሴቶቹን ሰበሰበች። የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ፋናዬ ክንዷን አጣጥፋ ቆመች።

"ልጄ ሲያስል እናትሽ አልተመቻትም። ዛሬ እኔን ይመቸኛል?"

"እውነትሽን ነው" አለች ትርንጎ። "ስትለምኚ እኔም ቤት ውስጥ ነበርኩ። ሰምቼ ዝም አልኩ።"

ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እንጨቶቿንና ክሯን አወጣች። "ላዙር፣ ላውጣ፣ ልሳብ" እያለች ቀስ ብላ አሳየች። ፋናዬ ቆማ አየች። ቆይታ፣ ቆይታ፣ አጠገቧ ተቀመጠች።

"እስቲ ድገሚው" አለች።

ሰባት ሴቶች ሁለት ሁለት እንጨት ይዘው፣ ትርንጎን ተከትለው ተራራውን ወጡ። ብርቄ ፋናዬን ስታይ አንገቷን ደፋች፤ ለንግግር ግን ጊዜ አልነበረም። ከአንዷ ወደ ሌላዋ እየዞረች እጃቸውን ይዛ አሳየች። አንዷ ደረቱን፣ አንዷ ጀርባውን፣ አንዷ እጅጌውን ያዘች። ዋሻው ሙሉ "ላዙር፣ ላውጣ፣ ልሳብ!" ሆነ።

ፀሐይዋ ተራራው ጫፍ ላይ ስትደርስ ፋናዬ ድንገት ጮኸች። "ውይ፣ አበላሸሁት!" በጥድፊያ የቀኙን እጅጌ ጫፍ ከግራው እጅጌ ጫፍ ጋር ገጥማ ሰፍታዋለች። ለእጅ መውጫ የለውም!

ብርቄ ልትተረትረው ክሩን ያዘች። ከዚያ እጇን ሰበሰበች። ወደ ፋናዬ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ "እጅሽ ይባረክ! እንዳትፈቺው" አለቻት። ለትርንጎም በዓይኗ ገደሉን አመለከተቻት።

"በርዶኛል! ደረሰ?" አለ ጭራቁ።

"ደረሰ፣ አያ ጭራቅ" አለች ትርንጎ። "ዋሻው ይጠብሃል፣ አፋፉ ላይ ወጥተህ ልበሰው።"

ጭራቁ ራሱን አስገባ። ቀኝ እጁን አስገባ። ግራ እጁን አስገባ። እጅጌው ውስጥ እጅ ከእጅ ተገናኘ።

"ማነው እጄን የያዘኝ?" ብሎ አጓራ። የያዘው የራሱ እጅ ነበር! "ልቀቀኝ! እበላሃለሁ!" እያለ ጎተተ፣ ዞረ፣ ዘለለ። ረጅሙ ሹራብ እግሩን ጠለፈው። ተንገዳገደና ወደ ገደሉ ወረደ። ገደሉ ጓ! አለ። ከዚያ በኋላ ድምፁ አልተሰማም።

ሴቶቹ የተዘረፈውን ፈትል ተሸክመው ወረዱ። መንገድ ላይ ብርቄ፣ "ፋናዬ፣ በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ" አለች። ፋናዬ ሸክሟን አመቻችታ መንገዷን ቀጠለች። መንደሩ ሲታይ ግን ቆመች።

"ነገ እኔ ቤት ነይ" አለች። "የአንገቱን አሠራር አልያዝኩትም።"

ብርቄ በማለዳ ሄደች። ሁለቱ የፋናዬን ልጅ መሃል አስቀምጠው፣ አንዷ ከፊት አንዷ ከኋላ ሠሩለት። እኩለ ቀን ላይ ሹራቡን ለብሶ፣ ሞቆት፣ ሊጫወት ወደ ሜዳ ሮጠ። ለምሳ ቢጠሩት፣ ቢጠሩት፣ አልመጣም።

እኔ ተረቴን ሰጠኋችሁ፤ እናንተ ደግሞ ቆሎ ዝገኑልኝ።