በዘንባባ ማርያም ዳገት ላይ የቆመው ሞተር

ምእመናን ሆይ፣ እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም በዘመናችን ለአገልጋይዋ ለኃይለ ማርያም ያደረገችውን አንድ ተአምር እንደ ሰማሁት እነግራችኋለሁ። ነገር ግን በትክክል ላላስታውሰው እችላለሁ። መጀመሪያ የሰማሁት በሰንበቴ ማዕድ ላይ ከብዙ ሰዎች አፍ ነውና፣ አንዱ ሲጀምር ሌላው እየጨረሰው፣ ያን ዕለት ዝናብ ይዝነብ ወይስ ጉም ብቻ ይሁን ለይቼ አልያዝሁም። ወሩ ወርኃ ጽጌ እንደ ነበረ አውቃለሁ፤ ቀኑን ግን አላውቅም። ስለዚህ ያላረጋገጥሁትን ትቼ ሁሉም የተስማሙበትን ብቻ እናገራለሁ፤ ተአምሩ የእርሷ ነው፣ ስሕተት ቢገኝበት የእኔ ነው።

በዘንባባ ማርያም አጥቢያ የዓለም ስሙ አስማረ፣ የክርስትና ስሙ ኃይለ ማርያም የሚባል ሰው ነበረ፤ እርሱም በሞተር ሳይክል ሰውና ዕቃ ከገጠር ወደ ከተማ እያመላለሰ የሚኖር፣ ጾም የማይሽር፣ የዕለቱን ጸሎት ሳያደርስ የሞተሩን ቁልፍ የማያዞር ሰው ነበረ። ከዚህም ሌላ አንድ ስእለት ነበረው። የቀድሞ ሰዎች በበቅሎ ሲጓዙ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲደርሱ ከኮርቻ ወርደው፣ ተሳልመው፣ በቅሏቸውን እየሳቡ ያልፉ እንደ ነበር አያቱ ነግረውት ነበርና፣ እርሱም ሞተሩን በገዛ ጊዜ «በእመቤቴ አጥር ሥር ተቀምጬ አላልፍም» ብሎ ተሳለ። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ከሚጀምርበት፣ ከዳገቱ ግርጌ ካለው ዋርካ ሲደርስ ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን ያጠፋና ይወርዳል፣ ቆቡን አውልቆ ይሳለማል፣ ከዚያም ሞተሩን በእጁ እየገፋ አጥሩን ይጨርሳል፤ መንገዱም ዳገት ስለሆነ ላብ ያጠምቀዋል።

ሌሎቹ ሞተረኞች በዚህ ይሥቁበት ነበር። እነርሱ ሳይቆሙ አንድ እጃቸውን ከመሪው አንሥተው አማትበው ያልፋሉና፣ በአጠገቡ ሲያልፉ «አስማረ፣ በቅሎህ ዛሬም ለገመች?» ይሉት ነበር፤ አንዱም «ገብስ ሳትበላ አውጥቷት ነው» ብሎ ይመልስለት ነበር። እርሱ ግን አንገቱን ደፍቶ መግፋቱን አይተውም።

ይህም ሰው ውባንቺ የምትባል ትንሽ ልጅ ነበረችው። ጎረቤቱ ደብሬም ባሏ ሞቶባት ይታየው የሚባል አንድ ልጅ ብቻ ቀርቷት ነበር። ልጆቹ ከዳገቱ ማዶ ባለው ትምህርት ቤት በአንድ ክፍል ይማሩ ነበርና፣ አስማረ ጧት ጧት ሁለቱንም በሞተር ያደርሳቸው ነበር፤ ደብሬም ልጇን ስታስረክበው «አደራ» ትለዋለች፣ እርሱም «አደራ በሰማይ» ይላታል። ሴት ልጁን ከፊቱ፣ በሁለት ክንዶቹ መካከል ያስቀምጣታል፤ ይታየውን ከኋላው አስቀምጦ እንዳይወድቅ በነጠላ ከወገቡ ጋር ያስረዋል፣ የነጠላውንም ጫፎች በሆዱ ላይ ሁለት ጊዜ ይቋጥራቸዋል። በዚያ አገር ልጅ የሚጭን ሞተረኛ ሁሉ እንዲሁ ያደርጋል። ከአንድ ሰው በላይ መጫን ክልክል መሆኑን ያውቃሉ፤ ልጅን ግን ማንም አይቆጥረውም። እንዲያውም አንድ ቀን ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞ ስንት ሰው እንደ ጫነ ቢጠይቀው፣ አስማረ በቅንነት «ሰው አልጫንሁም ጌታዬ፣ ልጆች ናቸው» አለ፤ ፖሊሱም ወደ ልጆቹ ተመልክቶ ሥቆ አሳለፈው።

ከዚህም በኋላ በዚያ ወርኃ ጽጌ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ደወል ከተደወለ በኋላ የመጣ ልጅ እንዳያስገባ ታዘዘ፤ አስማረም አጥሩን በእግሩ ስለሚያልፍ ልጆቹ ደጋግመው ከበር ተመለሱ። ደብሬም ነገሩ ከበዳትና አንድ ጧት ልጇን ስታስረክበው፣ አንገቷን ደፍታ፣ ድምፅዋንም ሳታነሣ፣ «ወንድሜ፣ ስእለቱ ያንተ ነው፤ ከደጅ የሚቀረው ግን የኔ ልጅ ነው» አለችው። እርሱም አፈረ። በልቡም ዛሬን ብቻ ሳልወርድ ራሴን ዝቅ አድርጌ ልለፍ፣ እመቤቴም ታውቅልኛለች ብሎ አሰበ፤ ብርዱም ጠንክሮ ነበርና የውባንቺ እናት ልጅቱን በወፍራም ፎጣ ጠቅልላ አመጣችለት፣ እርሱም ተቀብሎ ከፊቱ አስቀመጣት፣ ይታየውንም ከኋላው አስሮ፣ በችኮላም ነጠላውን አንድ ጊዜ ብቻ ቋጥሮ ሄደ።

በመንገድም ሳሉ ቋጠሮው ላላ፤ ይታየውም ስለ በረደው ነጠላውን ወደ ላይ ስቦ እንደ ሽማግሌ ራሱንና አንገቱን ተከናነበበት። ከዚያም የነጠላው አንዱ ጫፍ ተፈትቶ ወደ ታች ወረደና በነፋስ እየተወዛወዘ ወደ ኋላው ጎማ ቀረበ፤ አስማረም ይህን አላየም፣ ዓይኑ በመንገዱ፣ ልቡም በደወሉ ላይ ነበርና። ከዋርካውም በደረሰ ጊዜ እንዳሰበው አልወረደም፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ነዳጁን ጨምሮ ዳገቱን ያዘ። ወዲያውም የነጠላው ጫፍ በጎማው ሽቦዎች ውስጥ ገባና መጠምጠም ጀመረ፣ ሌላውም ወገን በሕፃኑ አንገት ላይ ጠበቀ፤ ሕፃኑም ሊጮኽ አልቻለም፣ የሞተሩም ድምፅ ብርቱ ነበረ፤ ጎማው ጥቂት ጊዜ ደግሞ ቢዞር ኖሮ የደብሬ አንድያ ልጅ በዚያ ይቀር ነበር።

በዚያችም ቅጽበት ሞተሩ ጠፋ። ዳገት ነበርና ወዲያው ቆመ። አስማረ ሞተሩ የተበላሸ መስሎት ማስነሻውን በእግሩ ረገጠ፣ ደግሞም ረገጠ፣ አልነሣ አለው፤ ወደ መሪውም ቢመለከት ቁልፉ ዞሮ አገኘው። ከፊቱ የተቀመጠችው ልጁ እንደ ነካችው ገምቶ ተቆጣት፣ ስለ ምን እንዳጠፋችውም ጠየቃት። ልጅቱም፣

«እኔ አልነካሁም አባዬ፤ ልጅ ያዘለችው እትዬ ናት ያጠፋችው» አለችው።

እርሱም ወዲያና ወዲህ ተመለከተ፤ በአጥሩ ሥር ማንም አልነበረምና፣ እንዳትዋሽ ገሠጻት፣ ቁልፉንም ሊያዞር እጁን ዘረጋ። ነገር ግን ያለበት ስፍራ የአጥሩ መጀመሪያ መሆኑን ባየ ጊዜ ስእለቱን አሰበና እጁን መለሰ፤ ከዋርካው ገና ጥቂት ክንድ ነበር ያለፈው። መግፋት ካልቀረልኝ ብሎ ሊወርድ እግሩን ሲያነሣ የነጠላው ቋጠሮ ከሆዱ ላይ እንደሌለ አየ፤ ወደ ኋላም ዞሮ ቢመለከት ይታየው አንገቱ ወደ ታች ተስቦ፣ ፊቱ ጠቁሮ፣ ዓይኖቹም ፈጥጠው አገኘው።

ከዚያም በአንድ እጁ መሪውን እንደ ያዘ ወርዶ ሴት ልጁን አንሥቶ በሣር ላይ አኖራትና ነጠላውን ለመቅደድ ያዘው፤ ነገር ግን ድርብ ነበርና አልቀደድ አለው፣ ስለትም በእጁ አልነበረም። በዚያን ጊዜ «እመቤቴ፣ የሰው አደራ ነው» ብሎ ጮኸ። ጮኾም መሪውን ለቀቀ፣ በአንድ ክንዱም ሕፃኑን አቀፈ፤ ሞተሩም ባዶውን ቁልቁል ወደ ኋላ ተንከባለለ፣ ጎማውም ወደ ኋላ ሲዞር የጠመጠመውን መልሶ ፈታው፣ ነጠላውም ላላና ከሕፃኑ አንገት ወረደ፤ ሞተሩም ከዋርካው ሥር ደርሶ፣ ዘወትር እርሱ ከሚወርድበት ስፍራ፣ በጎኑ ወደቀ።

ሕፃኑም ጥቂት ሳይተነፍስ ቆየ፣ አስማረም እፍ እያለበትና ደረቱን እያሻሸ አለቀሰ፤ ከዚያም ይታየው አሳለው፣ ትንፋሹም ተመለሰ፣ ዓይኑንም ገልጦ በጎረነነ ድምፅ «ደወል ተደወለ?» አለ። አስማረም ሁለቱን ልጆች አቅፎ በእግሩ ወደ ሰፈር ተመለሰ፤ ይታየውን ለእናቱ ሰጥቶ የሆነውን ሁሉ ምንም ሳያስቀር ነገራት። ደብሬ የልጇን አንገት በጣቷ ዳሰሰች፣ ነጠላው የሠራውንም ቀይ መሥመር ብዙ ጊዜ ተመለከተችው፤ ከዚያም ወደ እርሱ ዞራ በጧት የተናገረችውን ይቅር እንዲላት ለመነችው።

በዚያው ዕለት ወደ መምሬ ወርቅነህ፣ ወደ ነፍስ አባቱ ሄዶ «አባቴ ይፍቱኝ» ብሎ ወደቀ፣ ስእለቱን እንዳፈረሰና ሕፃኑን ሊገድለው እንደ ነበረ ተናዘዘ። መምሬም ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰምተው ነጠላው ከምኑ ጋር ታስሮ እንደ ነበረ፣ ልጆቹም እንዴት ተቀምጠው እንደ ነበረ በዝርዝር ጠየቁት። ከዚያም፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ። ልጄ፣ እርሷም ልጅ ይዛ መንገድ ወጥታ ታውቃለች፤ አዝላ በእግሯ ነው የተሰደደችው። አንተ የተውኸውን ስእለት እርሷ ፈጸመችልህ። ልጆቹን ግን መጠበቅ ያንተ ነው፤ ሁልጊዜ ቁልፍ አታዞርልህም» አሉት። ንስሐውንም ጾምና ስግደት አላደረጉበትም፤ ልጆቹን እስከ ዓመቱ መጨረሻ በእግሩ እንዲያደርሳቸው አዘዙት እንጂ።

እርሱም እንዲሁ አደረገ፤ ጧት ማልዶ እየተነሣ አንዱን በቀኝ፣ አንዷን በግራ ይዞ ዳገቱን ይወጣ ነበር፣ ደወሉም አንድ ቀን እንኳ አልቀደማቸውም። ሲሥቁበት የነበሩት ሞተረኞችም ነገሩን ሰምተው ልጅ በነጠላ ማሰርን ተዉ፤ አንዳንዶቹም ልጅ መጫንን ጨርሰው ተዉ፣ ከዋርካው ሲደርሱም ሞተራቸውን አጥፍተው መግፋት ጀመሩ። ገብስ አልበላችም ይል የነበረውም ሰው ሲገፋ ታየ፤ በቅሎው ለግማ እንደሆነ የሚጠይቀው ግን አልነበረም። በቁስቋም በዓልም ደብሬ ዝክር አውጥታ፣ ያንን ነጠላ አጥባ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጠችው፤ ሕዝቡም ሁሉ እግዚአብሔርንና እናቱን አመሰገኑ።

በሰንበቴውም ብዙዎች ቁልፉን ያዞረችው ሕፃኗ ውባንቺ ናት ይሉ ነበር፤ አባቷ ከዚያ ስፍራ ዕለት ዕለት ሲያጠፋ እያየች ስለ ለመደች፣ እርሱ ሲተው እርሷ አጠፋችለት ብለው ተረጐሙት። እኔም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ይመስለኝ ነበር፤ እንዲህም ቢሆን ተአምርነቱ አይቀንስም፣ እመቤታችን በሕፃን እጅም ትሠራለችና።

ሕፃኗን አዝላ የበረሃውን መንገድ የሄደች እናት በየመንገዱ ያሉትን ልጆች ትጠብቅልን፤ የሚይዟቸውንም አባቶችና እናቶች አስተዋዮች ታድርጋቸው፤ ይህን የሰማችሁ እናንተንም ሁሉ ከወጣችሁበት ወደ ቤታችሁ በደኅና ትመልሳችሁ፤ ለዘለዓለሙ አሜን።

ይህን ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ፣ ስለ ሕፃኗ የተባለውን ለማረጋገጥ ወደ አስማረ ቤት ሄጄ እናቷን የዝናን ጠየቅኋት። ያን ጧት ብርዱ ስለ ጠነከረ የልጅቱን ሁለት እጆች በደረቷ ላይ አጣጥፋ፣ በፎጣው ውስጥ ጠቅልላ፣ ከጀርባዋ እንደ ቋጠረችላት ነገረችኝ፤ አስማረም ሲመልሳት ቋጠሮው እንደ ነበረ ነበረ፣ የፈታችውም እርሷው እናቷ ናት።