በልቼ ነው የመጣሁት

ጡረታ የወጣ አንድ ሰው ነበረ። «ለማንም ሸክም ሳልሆን ቀሪ ዘመኔን እንዴት ልኑር?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ይህም ሰው ያንኑ ጠይቆ፣ መልሱንም ራሱ መልሶ፣ በመልሱ የኖረ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የሱን ነገር ግን አውቃለሁና ስማኝ።

ሰውየው ሠላሳ ስድስት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቷል። ሚስቱ ቀድማው ሞታለች። ጡረታ በወጣ በሳምንቱ ቁጭ ብሎ ሰባቱን ቀን እንደ ፋይል በየመደርደሪያቸው አስገባቸው። ጠዋት ጠዋት ያነባል። ምሳውን ከሰፈሩ ምግብ ቤቶች በአንዱ ይበላል፤ ሰኞ ፍርፍር፣ ረቡዕና ዓርብ በያይነቱ፣ ሐሙስ ቅቅል። ቅዳሜ ከሰዓት ያገባች ልጁን ይጠይቃል። እሑድ ከሰዓት ታላቅ እህቱን ይጠይቃል። ዝናብ ቢሆን፣ ጭቃ ቢሆን አይቀርም። ሰፈርተኛው «ዘመድ ጠያቂ እንደሱ ነው እንጂ» እያለ ያመሰግነው ነበር።

አንድ ደንብ ነበረው። ዘመድ ቤት ባዶ ሆዱን አይሄድም።

ይህን ከእናቱ ነው ያመጣው። እናቱ ድሃ ነበረች፤ ድሃ ደግሞ ከክብሩ በቀር የሚጠብቀው የለውም። ልጆቿን ሰው ቤት ስትልክ «ብሉ ቢሏችሁ በልተናል በሉ» ትላቸዋለች። አንጀታቸው እየጮኸ በልተናል ይላሉ። እጁን የዘረጋ ልጅ ቤት ሲመለስ ጭኑን ይቆነጠጣል። አንተም ሳትቆነጠጥ አላደግህም። ሰውየውን ግን ያቺ ቁንጥጫ ከሸበተም በኋላ አለቀቀችውም።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ አንዲት ምግብ ቤት ይገባል። ባለቤቲቱ ቀልደኛ ነች።

«ጋሼ፣ በእሑድ ቀን እንኳ እኔ ዘንድ? ቤተሰብ የለዎትም እንዴ?» ትለዋለች።

«አለኝ እንጂ። ወደነሱ ልሄድ ስለሆነ ነው የምበላው።»

«እንዲህ ያለውን ዘመድ ያብዛልኝ! ገበያዬ በናንተ ነው የቆመው።»

ይስቃል። በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ይወጣል።

ቅዳሜም ልጁ ቤት ያው ነው። በመጀመሪያው ሰሞን ምሳ አቆይተው ይጠብቁት ነበር። «በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል። አማቹ፣ የልጁ ባል ማለቴ ነው፣ አንድ ቀን «አባባ፣ እኛ ቤት መርዝ አለ እንዴ?» ብሎ ቀለደበት። ሁሉም ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ልጁ ግን ስትስቅ ዓይኗ አልሳቀም። ይህን አላየም።

እህቱ ከከተማው ዳር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ በአንዲት ክፍል ትኖራለች። ብርቄ ይሏታል። ባልም ልጅም አልቀረላትም። እናታቸው ከሞተች በኋላ የሰው ልብስ እያጠበች ያስተማረችው እሷ ናት። እሱም በልቡ «ይችን ሴት በልቻት ነው ያደግሁት፤ አሁን ደግሞ ካላት ላይ አልቆርስም» ይላል። ክፋት አይደለም። ክፋት ቢሆንማ ነገሩ ይቀል ነበር።

እሷ እሑድ እሑድ ትሠራለታለች። በልጅነቱ ይወደው የነበረውን ዱባ ወጥ ትሠራለች። ጎመን ካገኘች ጎመን ታበስላለች።

«ና፣ ቅረብ» ትለዋለች።

«በልቼ ነው የመጣሁት፣ እታለም።»

«ቅመስ እንኳ። ጨዉን ንገረኝ።»

«ጠግቤያለሁ አልኩሽ እኮ!»

ትሪውን መልሳ ትከድነዋለች። እሱ መነጽሩን ያደርግና መጽሐፉን ይገልጣል፤ እስኪመሽ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ያነባል። «ምን ይላል?» ስትለው «ታሪክ ነው» ይላታል። የሩቅ አገር ንጉሥ ምን በልቶ እንደሞተ ያውቃል። እህቱ ምን በልታ እንደምታድር አያውቅም።

ዓመት እንዲህ አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ።

በዳግማይ ትንሣኤ እለት እህቱ ዶሮ አሳረደች። ለብቸኛ ሴት ዶሮ ማለት ብዙ ነገር ነው፤ የሚባርክላት ጎረቤት ለምና፣ ሽንኩርቱን ከዋዜማው ጀምራ ከትፋ፣ ጠብቃው ነበር። እሱ እንደ ልማዱ በልቶ መጣ። ገና በሩ ላይ ሳለ አፉን ሊከፍት ሲል አየችው።

«እንዳትናገር!» አለችው። «ዛሬስ እንዳትናገር።»

አስቀመጠችው። አጠገቡ ቆመች። በቀኝ እጇ ጠቅልላ፣ ግራዋን ከሥር አድርጋ፣ ወደ አፉ አቀረበች።

«በሞቴ» አለች።

እዚህ አገር ይህ ቃል ከወጣ በኋላ የጠገበም ይበላል፤ የታመመም ይበላል። የተጣላ እንኳ ጎርሶ ይታረቃል። ሰውየው ግን እየሳቀ ፊቱን ዘወር አደረገ።

«እታለም ሙች፣ እዚህ ድረስ ሞልቷል» ብሎ ጉሮሮውን አሳያት።

እጇ አየር ላይ ቀረ። ወጡ በጣቶቿ መካከል ወደ ክንዷ ወረደ።

«እናታችን ይህን ያስተማረችን ለባዕድ ቤት ነው» አለችው ቀስ ብላ። «የኔ ቤት ባዕድ ቤት ነው?»

«እንዳላስቸግርሽ ብዬ ነው።»

ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰችው። እጇን ታጠበች። እሱም መጽሐፉን ገለጠ።

በሚቀጥለው እሑድ ሲሄድ ትሪ አልቀረበም። ከዚያ በኋላም አልቀረበም። «ብላ» የሚለው ነገር ቀረ። ሰውየው ደስ አለው። «በመጨረሻ ገባት» አለ። ያለ ጭቅጭቅ፣ በጸጥታ፣ ብዙ ገጽ አነበበ። አንድ ቀን ቀና ብሎ «ከስተሻል እኮ» አላት። «እርጅና ነው» አለችው። ወደ ንባቡ ተመለሰ።

ሐምሌ ላይ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ የዕድር ጥሩንባ ተነፋ። ጥሪው ለሷ ነበር።

አልበላ ብሎ ገደላት አልልህም። ሰው ቀኑ ሲደርስ ይሞታል። ቀብረዋት ሲመለሱ ግን ሰውየው ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ጎረቤቷ የነበረች አንዲት ሴት ንፍሮ በሰሐን ይዛ መጣች። ምላሷ የማይመለስ ሴት ነች።

«ይብሉ እንጂ ጋሼ። መቼም ዛሬ በልቼ ነው የመጣሁት አይሉንም።»

አንዱ ሽማግሌ «ተይ፣ አንቺ ሴት፣ ሐዘን ላይ ነው» አላት። አልተወችም።

«ምኑን ልተው? ብርቄ ለብቻዋ እሳት አታነድም ነበር። በሳምንት አንድ ቀን ነው ድስት የምትጥደው፣ ለሳቸው። ሌላውን ቀን ቆሎ በሻይ ቀምሳ ነው የምታልፈው። እሳቸው አልበላም ብለው ሲሄዱ ልጆቼን ጠርታ ታበላለች፤ ያኔ አብራቸው ትቀምሳለች። ከዳግማይ ትንሣኤ ወዲህ ግን ድስት አልጣደችም። ምነው ስላት ‹ለማን ብዬ?› ትለኛለች። እኔ ይዤላት ስሄድ ምን እንደምትለኝ ታውቃላችሁ? ‹በልቻለሁ› ትለኛለች።»

ይህን ብላ እሷም አለቀሰች፤ ሰሐኑን እጁ ላይ አስቀምጣለት ሄደች። ሰውየው አንድ እፍኝ ንፍሮ ወደ አፉ አደረገ። አላመጠ፣ አላመጠ።

ከአርባዋ በኋላ አንድ ቅዳሜ ምግብ ቤቱን አልፎ ሄደ። ባለቤቲቱ ከበር ሆና «ጋሼ፣ ምሳ?» ብትለው በእጁ ምልክት ሰጥቶ አለፈ። ባዶ ሆዱን ልጁ ቤት ሊደርስ ነው። መንገዱን ሙሉ የሚናገረውን ያጠና ነበር። «ልጄ፣ እርቦኛል» የምትል ሁለት ቃል ናት።

ደረሰ። እነሱ ምሳ በልተው፣ ዕቃው ታጥቦ፣ ማዕዱ ተወልውሏል። የሚጠብቀው የለም፤ ማን ይጠብቀው ብለህ ነው? ልጁ ተነሥታ ሳመችው፤ ወንበር ሰጠችው።

«በልተህ ነው አይደል፣ አባዬ?» አለችው፣ እንደ ሰላምታ።

ሁለቷን ቃል ፈለጋት። ምላሱ የተማረው ግን አንድ መልስ ብቻ ነበር።

«አዎ» አላት።

እስኪመሽ ድረስ ቁጭ ብሎ አነበበ። ሲመሽ ወደ ቤቱ ሄደ።

እንግዲህ ልጄ፣ ሰውየው ይህ ነው። ሸክም ላለመሆን ብዙ ደከመ፤ ተሳካለትም። አንተም መንገዱን ጀምረሃል። ልጅህ ቤት ስትሄድ ቆመህ ትጠይቃለህ፤ ውሃ እንኳ አትጠጣም፤ ያንንም ጨዋነት ትለዋለህ። እሷ ግን በሯ ላይ እንግዳ ሆነህ እንደቆምህ ነው የምታይህ። ለሰው ሸክም የማይሆን ሰው እኔ እስካሁን አላየሁም፤ የሞተውን እንኳ አራት ሰው ይሸከመዋል። በቁምህ ሳለህ ካልተሸከሙህ፣ ያን ቀን የሚያነሡህ እንደ ባዕድ ነው።

ፀሐዩን እየው፤ ስድስት ሰዓት ገና አልሞላም። ልጅህ ምሳ ሳታነሳ ድረስባት።