ተፈታኝ ያወጣው ፈተና

ርዕሰ መምህሩ አቶ ጠናጋሻው ጥያቄ የሚወዱት ራሳቸው ጠያቂ ሲሆኑ ብቻ ነበር። በትምህርት ቤታቸው የምታስተምር አንዲት የሳይንስ መምህርትን ግን ተማሪዎቿ እንደልባቸው ይጠይቋት ነበር። «ዓሣ ውኃ ይጠማዋል?» ብለው ሲያፋጥጧት፣ መልሱን ፍለጋ ዘግታው የከረመችውን መጽሐፍ እንደገና ገለጠች። ኋላማ የፈተናውንም ጥያቄ አብረዋት እንዲያወጡ አደረገች።

አቶ ጠናጋሻው ይህን ሲሰሙ መምህራኑን ሁሉ ሰብስበው ጮኹባት።

«ተፈታኝ የራሱን ፈተና ሲያወጣ የት አይተሻል? ንገሪን፤ አለበለዚያ ከነገ ጀምሮ ክፍል አትገቢም!»

«እዚሁ ነዋ ጋሼ» አለች። «ባለፈው ወር እኛ እርስዎን የገመገምንበትን መመዘኛ ያወጡት ራስዎ ነዎት። እርስዎ ከመቶ መቶ አገኙ፤ ከእኔ ልጆች ግን ራሳቸው ባወጡት ጥያቄ የወደቁ አሉ።»