የእትዬ አስካለ አበባና የድሬ ፀሐይ

አንድ አባት ነበሩ። የሚኖሩት ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ የኒም ዛፎች ከግራና ከቀኝ ተቃቅፈው መንገዱን ጥላ በሚያለብሱበት ሰፈር ነው። ጋሽ ደምሰው ይባላሉ፤ ጉልበታቸውን የጨረሱት በምድር ባቡር መካኒክነት ነው።

ባቡሩ ከቆመ ቆይቷል። ግን ከምሳ በኋላ ጋደም ሲሉ ፉጨቱ አሁንም በጆሯቸው ይመጣል። የጅቡቲው ባቡር ሲገባ ከተማው እንዴት ከቀትር እንቅልፉ ይነቃ እንደነበር፣ ጣቢያው እንዴት በሰው፣ በሻንጣና በጩኸት ይሞላ እንደነበር ይታያቸዋል። ያን ጊዜ የእሳቸውም ቤት ሙሉ ነበር። ሬዲዮው ይዘፍናል፣ ጎረቤቱ ይገባል ይወጣል፣ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ይስቃሉ። እትዬ አስካለ ሲስቁ ሦስተኛው ቤት ይሰማል ይባል ነበር።

ከዚያ እትዬ አስካለ ዐረፉ።

ምእመናን፣ ሐዘን ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚዘጋው ምንድን ነው? መስኮት ነው! ጋሽ ደምሰውም መስኮቱን ዘጉ። ወፍራሙን መጋረጃ ሳቡ። ዕድሩ ድንኳኑን ነቅሎ ሄደ፤ ለቅሶ ደራሹም እየሳሳ እየሳሳ መጣ፤ እሳቸው ጨለማው ውስጥ ቀሩ።

ብቻቸውን ግን አልቀሩም። የእትዬ አስካለ አበባ አብሯቸው ቀረ። አበባ እንበለው እንጂ ቅጠል ብቻ ነው፤ በዱቄት ወተት ጣሳ የተተከለ፣ ሰፋፊ ቅጠሉ ዘይት የተቀባ ይመስል የሚያብረቀርቅ። ጋሽ ደምሰው አንድ ነገር ሰምተዋል። ባለቤታቸው ለጎረቤት ሁሉ "ይኼ ጥላ ነው የሚወደው፤ የድሬን ፀሐይ አይችልም" ይሉ ነበር። ስለዚህ ወስደው መኝታ ቤት፣ ጨለማው ጥግ አስቀመጡት። ውሃ አልነፈጉትም። ማታ ማታም "እንዴት ዋልክ?" ይሉታል።

አበባው ግን ገረጣ። ግንዱ ቀጠነ፤ አንገቱን በበሩ ስንጥቅ ወደምትገባው ብርሃን አሰገገ። ይወዱት አልነበረም? ይወዱት ነበር እንጂ!

ልጃቸው ሰናይት ከምትሠራበት ከተማ ፈቃድ ወስዳ መጣች። በሩን ከፍታ ስትገባ ደነገጠች።

"ውይ አባባ! በቁምህ መቃብር ገባህ እንዴ?"

አንድ ጠዋት አልፈጀባትም። መስኮቶቹን ሁሉ በረገደች። ወፍራሙን መጋረጃ ገፍፋ አውርዳ ዘፈዘፈች። የእናቷን ልብስ ለነዳያን ይሰጥ ብላ በአንሶላ ጠቀለለች። አበባውን አንጠልጥላ ግቢው መሃል፣ ሲሚንቶው ላይ አስቀመጠችው። "ፀሐይ ያጣ ነገር መድኃኒቱ ፀሐይ ነው" አለች። አባቷንም ሱፍ አልብሳ ወደ ዘመድ ሠርግ ወሰደቻቸው። እዚያ አንዱ እጃቸውን ይዞ ወደ ጭፈራው ይጎትታቸዋል፣ ሌላው "በርታ እንጂ፣ ሁሉም ሟች ነው!" ይላቸዋል። እሳቸው ወለሉን ያያሉ።

ከሠርጉ ሲመለሱ አበባው ተቃጥሏል። ቅጠሉ እሳት የነካው ወረቀት መስሎ ተኮማትሮ፣ ዳር ዳሩ ጠቁሮ።

ጋሽ ደምሰው እዚያው ሲሚንቶው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ልጃቸውን ሳያዩ "ከእናትሽ የቀረኝ ይኼ ብቻ ነበር። ነገ ወደ ሥራሽ ተመለሺ፣ ልጄ። እኔን ተዪኝ" አሉ።

ሰናይት ገብታ አለቀሰችና ሻንጣዋን አዘጋጀች።

በማግስቱ ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ ልትሰናበት ወደ ሳሎን ስትመጣ፣ አባቷ አበባውን መስኮቱ አጠገብ አስቀምጠው፣ ከተጠቀለለው ልብስ ውስጥ የእናቷን ነጠላ አውጥተው ከላዩ ሲጋርዱበት አገኘቻቸው።

"አባባ፣ ምን እያደረግህ ነው?"

"ባቡሩ ትዝ ብሎኝ" አሉ። ድምፃቸው ለስልሶ ነበር። "እናትሽን ከናዝሬት ያመጣኋት በባቡር ነው። ሙሽራ ናት። ሌላ ሰው ሻንጣ ይታቀፋል፣ እሷ ይኼን ጣሳ ታቅፋለች። ከእናቷ ቤት የመጣ ነው። ፀሐይዋ በመስኮቱ ስትገባ ነጠላዋን ትጋርድለታለች፤ ባቡሩ ሲጠማዘዝና ፀሐይዋ ስትሸሽ ትገልጥለታለች። እስከ ድሬ ድረስ እንደዚያው። እኔ እስቅባት ነበር። 'ልጅ ነው እንዴ?' እላት ነበር።"

ሰናይት ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠች።

"እኔም የማስታውሰው አለ" አለች። "ጉንፋን ይዞኝ ከትምህርት ቤት ስቀር፣ እማዬ ጠዋት ወፍራሙን መጋረጃ ትገልጥና ስሱን ትተወዋለች። ከዚያ እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ትላለች። ፀሐይዋ እየጠነከረች ስትመጣ ተነሥታ 'በቃው፣ ጠግቧል' ትልና መልሳ ትዘጋዋለች።"

"እኔ ይኼን አላየሁም" አሉ ጋሽ ደምሰው። "ጠዋት ጠዋት ወርክሾፕ ነበርኩ።"

"እኔም ባቡሩን አላየሁም፣ አባባ።"

አያችሁ? አንዱ የያዘው ግማሹን ነው፤ ሌላዋ የያዘችው ግማሹን ነው። ለካ ከቀብሩ ወዲህ ስለ እናትየው ቁጭ ብለው አንድ ቀን አላወሩም! አባት ዘግቶ ዝም አለ፤ ልጅ ከፍታ ዝም አለች። ያን ጠዋት ግን አወሩ። አለቀሱ። ስለዚያ ሳቅ ሲያወሩ ደግሞ ሳቁ። ሰናይት አውቶቡሱ አመለጣት፤ ማንንም አልቆጨውም። የተጠቀለለውን ልብስ ፈቱትና አንድ በአንድ እያነሡ "ይኼን የለበሰችው መቼ ነበር?" ተባባሉ። የሚሰጠውን ሰጡ፤ የሚቀረውን አስቀሩ።

አበባውስ? የተቃጠለው ቅጠል አልዳነም። የተቃጠለ ቅጠል አይድንም፤ ቆርጠው ጣሉት። ግን ጠዋት በስሱ መጋረጃ በኩል እየቀመሰ፣ ቀትሩን በጥላ እያሳለፈ ሰነበተና፣ ከመሃሉ ጥቅልል ያለ አዲስ ቅጠል ብቅ አለ። ጋሽ ደምሰውም ጠዋት ጠዋት ከድሮ የባቡር ጓደኞቻቸው ጋር ኒም ሥር መቀመጥ ጀመሩ። ሲበቃቸው ተነሥተው ይገባሉ። የሚጎትታቸው የለም።

እንግዲህ እናንተን ልጠይቅ። ከሁለቱ ክፉው ማን ነው? ማንም አይደለም! ሁለቱም ወደዋል። ግን አንዱ ብርሃንን ሁሉ ከለከለ፤ አንዷ ብርሃንን ሁሉ ደፋች። እኛስ? ያዘነውን ሰው ወይ "ተዉት፣ ብቻውን ይሁን" ብለን እንረሳዋለን፤ ወይ "በቃህ፣ ተነሥ" ብለን ቀትር ላይ እናሰጣዋለን። ከዓረብ አገር ተሰብራ የመጣችን እህት ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ "ምን ይዘሽ መጣሽ?" እንላታለን። ስንት ዓመት ጠፍቶ ዛሬ ደጃፍ ላይ የቆመውን ወንድም "እስካሁን የት ነበርክ?" ብለን በእውነት ፀሐይ እንጠብሰዋለን። እውነት ነው፤ ግን ይችለዋል ወይ?

እግዚአብሔርን እዩት! እሱ እንኳ ፀሐይን ሲያወጣ በአንድ ጊዜ ቀትርን አይደፋብንም። መጀመሪያ ጎሕ ይቀዳል። ከዚያ ወገግ ይላል። ዓይናችን ሲለምድ ነው ፀሐይዋ የምትወጣው። የፈጠረን እሱ፣ የምንችለውን ያውቃል።

ሰው የሚችለውን ማወቅ ግን ከሩቅ አይሆንም። አጠገቡ መቀመጥ ይፈልጋል። ዝም ማለት ይፈልጋል። የሟቹን ስም አብሮ መጥራት ይፈልጋል። አሁን እኔ ስናገር የአንድ ሰው ፊት በልባችሁ የመጣባችሁ አላችሁ፤ አውቃለሁ። መስኮቱ የተዘጋ ሰው። ምን እንደምትሉት አትጨነቁ። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ በቀጥታ ወደ ቤታችሁ አትሂዱ።

ሂዱና አንኳኩ። ቀስ ብላችሁ።