ውርንጭላው የገባበት ዋሻ

አንድ ጊዜ የአንዲት አህያ ውርንጭላ ለግጦሽ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። እናቱ ዱካውን ተከትላ ብትሄድ ጅብ ዋሻ ደጃፍ ላይ አደረሳት፤ ከዚያ የወጣ ዱካ የለም። እየሮጠች አንበሳ ዳኛ አድርጎ ወደ ሾማት ቀበሮ ሄደች።

ቀበሮ አብራት አለቀሰች። እንባዋን በጅራቷ ጠርጋ፣ «እኅቴ፣ ጉዳዩ ውስብስብ ነው» አለቻት።

አህያ ቃሉን ሰምታው አታውቅም። «እንዲህ ከባድ ከሆነማ ልጄ በሕይወት ይኖር ይሆናል» ብላ ተመለሰች። በሳምንቱ ብትሄድ «ውስብስብ ነው»፤ በወሩ ብትሄድም ያው «ውስብስብ ነው»።

አንድ ቀን ወንዝ ዳር ጎጆዋን የምትሠራ ወፍ አገኘችና የቃሉን ፍቺ ጠየቀቻት።

«ጎጆዬን እዪው» አለች ወፏ። «ይህ ሣር በዚያኛው ላይ ያልፋል፣ ያኛው በዚህ ሥር ይገባል፣ ሌላው ሁለቱን ያስራል። አንዱን ብትስቢ ሁሉም ይነቃነቃል። ውስብስብ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ያንቺስ ነገር ምኑ ከምኑ ተያይዞ ነው?»

«ልጄ ለግጦሽ ወጣ። ዱካው ጅብ ዋሻ ገባ። አልወጣም።»

ወፏ ሥራዋን አቆመች። «ይሄማ አንድ ሰበዝ ነው» አለች ቀስ ብላ።

አህያ ያ የቀበሮ እንባ ትዝ አላት። ውላ ሳታድር አንበሳ ዘንድ ሄዳ አቤት አለች።

አንበሳ ሸንጎ ሰብስቦ ቀበሮንና ጅብን አስጠራ። ቀበሮ እጅ ነሥታ፣ «ጌታዬ፣ ነገሩ እጅግ ውስብስብ ስለሆነ ጊዜ ይስጡኝ» አለች።

«ምኑ ከምኑ ተወሳስቦ?» አለ አንበሳ።

ቀበሮ ጅብን ሰረቅ አድርጋ አየችው። ጅብ ወዳጁ የተቸገረች መስሎት ሊያግዛት ብድግ አለ።

«ኧረ ምንም አልተወሳሰበም ጌታዬ። ጉበቱን ለእሷ ሰጠኋት፣ የቀረውን እኔ በላሁት።»

ሚዳቋ ያመነዠከችውን መዋጥ አቃታት። ዝንጀሮ እጁን አፉ ላይ ጫነ። አህያ ጆሮዎቿን አቁማ ቀበሮን ብቻ ታያለች፤ ቀበሮ ደግሞ መሬት መሬቱን። አንበሳ ቀበሮን ከሹመቷ ሽሮ ሁለቱንም ከዱሩ አባረራቸው፤ አህያ ግን ፍርዱ ሲሰጥ እንኳ አልሰማችም።

ከዚህ የምንማረው «ጉዳዩ ውስብስብ ነው» የሚል ዳኛ ምኑ ከምኑ እንደተያያዘ ማሳየት ካቃተው፣ የራሱም እጅ እንዳለበት መጠርጠር እንደሚገባ ነው።