ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው

መቀሱ የዶለዶመ፣ ምላሱ ግን የተሳለ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። የወረዳው አስተዳዳሪ አደባባይ ያሰቀሉት ትልቅ ፎቶ ተቀዶ ሲገኝ፣ እሱ ተይዞ ፍርድ ቤት ቀረበ። ለካስ ስልኩ በድብቅ ሲጠለፍ ኖሯል። ቅጂው ችሎት ፊት ሲከፈት የገዛ ድምፁ፣ «የሰውዬውን ፎቶ ቀድጄ የጣልኩት እኔ ነኝ!» እያለ ለጓደኛው ይፎክራል።

ልብስ ሰፊውን ላብ አጠመቀው። እንኳን የባለሥልጣን ፎቶ፣ የደንበኛ ጨርቅ ለመቅደድም እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው መሆኑን ራሱ ያውቃል።

ከሳሽ ሆነው ችሎት የቀረቡት አስተዳዳሪ ክርኑ የሳሳ አሮጌ ኮታቸውን ቆልፈው ተነሱ። «ድምፁ ያንተ ነው አይደለም? ሰው ለጓደኛው በስልክ ይዋሻል?» ሲሉ አፋጠጡት። ካመነ እስር ቤት ነው።

«ድምፁስ የእኔው ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ጠላፊዎችዎ በጥልፍ ከእኔ ይሻላሉ፤ አንድ ክር አላመለጣቸውም። ግን ጌታዬ፣ እኔን ቀጣፊውን በስልክ ማመን ከመቼ ወዲህ ጀመሩ? ለፋሲካ ያዘዙኝን ሱፍ ‹አልቋል፣ ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው› ያልኩዎት በዚሁ ስልክ ነው፤ ይኸው መስቀልም አለፈ። በስልክ የምለው ሁሉ እውነት ከሆነ፣ ዛሬ የለበሱት እሱን ነው ማለት ነዋ!»