ጎንበስ ቀና የምትለው ዶልፊን

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጄ ወለላ ቴሌቪዥን ላይ የባሕር እንስሳትን ስታይ ቆየችና፣ «እማ፣ ዓሦቹ ሁሉ ጭራቸውን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዙ ነው የሚዋኙት። ዶልፊን ብቻ ለምንድን ነው እንደኔ ጎንበስ ቀና የምትለው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እንደኔ» ያለችው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዛፍ ወድቃ ጀርባዋን ከተጎዳች ወዲህ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ በየጠዋቱ ምንጣፍ ላይ ተንበርክካ ጎንበስ ቀና እንድትል አዛታለች። «ካቋረጠች ጀርባዋ እንደ ደረቀ ይቀራል» ብላኛለች። ቤታችን ጠባብ ስለሆነ የምትሠራው በረንዳው ላይ ነው። የግቢው ልጆች «ለማን ነው የምትሰግጂው?» እያሉ ሳቁባት። ከዚያ ወዲህ አሻፈረኝ አለች። ብለምናትም ብቆጣትም አልሆነም።

እኔም ከፕሮግራሙ የያዝኩትን ይዤ፣ የቀረውን ከራሴ ጨምሬ እንዲህ አልኳት።

አንዲት ትንሽ ዶልፊን ከዓሦች ጋር ትጫወት ነበር። ዓሦቹ አዋዋኟን እያዩ ይስቁባታል።

«አንቺ፣ ምን ጠፍቶብሽ ነው የምታጎነብሺው?» ይላል አንዱ።

«ተዋት፣ ለሸርጣኑ እጅ እየነሳች ነው!» ይላል ሌላው።

ትንሿ ዶልፊን አፈረች። «ከዛሬ ጀምሮ እንደነሱ ነው የምዋኘው» ብላ ወገቧን ወዲያና ወዲህ ማወናጨፍ ጀመረች። አከርካሪዋ ግን ወደ ጎን አልታጠፍ አላት። ጭራዋም እንደ ዓሣ ጭራ የቆመ ሳይሆን እንደ ትሪ የተዘረጋ ነውና ውኃውን ይሰነጥቀዋል እንጂ አይገፋውም። እንደምንም ብላ ዓሦቹን ተከትላ ወደ ጥልቁ ወረደች። እዚያ ትንፋሿ አለቀ። ዶልፊን አየር የምትስበው ከውኃው በላይ ወጥታ ነው።

«እርዱኝ፣ ታፈንኩ!» አለች።

«ይሄ ሁሉ ውኃ እያለ? ተንፍሺ እንጂ!» አሏት ዓሦቹ። እየቀለዱባት አልነበረም፤ እውነት አልገባቸውም።

እናቷ ከሥር ደርሳ በአፍንጫዋ ደገፈቻት። «ብቻዬን አላደርስሽም፤ አየሩ ሩቅ ነው። አብረሽኝ ጎንበስ በይ።»

«ያዩኛል!»

«ይዩሽ! ጎንበስ። አሁን ቀና! ደግሞ ጎንበስ፣ ቀና!»

አከርካሪዋ እንደ ቀስት ታጥፎ ተዘረጋ፤ ጭራዋ ውኃውን ገፋው። ብርሃኑ ቀረበ። ከባሕሩ ወጥታ ረጅም ትንፋሽ ሳበች።

«እማ፣ ለምን እንደነሱ አልተፈጠርኩም?»

«ልጄ፣ የነሱ እስትንፋስ ያለው እዚያው ውኃው ውስጥ ነው፤ ወዲያና ወዲህ ማለቱ ይበቃቸዋል። ያንቺ እስትንፋስ ግን ላይ ነው። ስለዚህ ፈጣሪ አከርካሪሽን ወደ ታችና ወደ ላይ እንዲታጠፍ አድርጎ ሠራው። የምታጎነብሺው ለሸርጣን አይደለም፤ ቀና ለማለት ነው።»

ለወለላ የነገርኳት ታሪክ ይኸው ነው። የሚስቅብን ሰው ብዙ ጊዜ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እኛን የሚያኖረን አየር እሱን ስለማያስፈልገው ነው። እሱ ስላልገባው ግን እኛ መታፈን የለብንም። እናንተስ፣ ሰው ስለሳቀባችሁ ብቻ የተዋችሁት ጎንበስ ቀና የትኛው ነው?

ወለላ ሰማችኝና፣ «እሺ፣ ግን የሷ እናት አብራት ጎንበስ ብላለች» አለችኝ።



በማግስቱ ጠዋት ከቅዳሴ እንደተመለስኩ ምንጣፉን አወጣሁ። በረንዳውን አልፌ፣ ልጆቹ ኳስ የሚጫወቱበት ግቢ መሃል ላይ አነጠፍኩት። ነጠላዬን ወገቤ ላይ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩና፣ መጀመሪያ እኔ ጎንበስ አልኩ።